የውሰት ስምና የራስ ሥራ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሁመራ የሚያመራው መንገድ በላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ በትክል ድንጋይ በኩል ያልፋል። ሰሊጥ የጫኑ መኪናዎች በሚመላለሱበት በዚህ መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው የስም ኃይል እንግዳ ነገር አይደለም። የሁመራ ሰሊጥ ከረጢቱ ሳይፈታ በስሙ ገዢ ያገኛል። ይሁን እንጂ ይህ ስም በአዋጅ የተሰጠ ሳይሆን የእህሉ ነጭነት፣ መዓዛና ጣዕም ለብዙ ዓመታት በገበያ ተፈትኖ የተገኘ ነው። በአጭሩ፣ ስሙን የወለደው እህሉ ነው።

ዛሬ ለውይይት የሚቀርበው ጉዳይ ግን ስሙ ከአንድ ማሳ፣ ምርቱ ከሌላ ማሳ የሚመጣበትን ንግድ የሚመለከት ነው። ይኸውም በታላቅ ማስታወቂያ የታጀበ ፊልም ሲወጣ የፊልሙን ስምና ሥዕል ተሸክመው አብረው የሚወጡት የቪዲዮ ጨዋታዎች፣ በራሳቸው አዲስ ሐሳብ ከቆሙት ጨዋታዎች ይበልጥ የሚሸጡበት ምክንያት ነው። ጉዳዩ በኢትዮጵያ ጨዋታ መሥራትን ሙያ ብለው ለያዙት ጥቂት ወጣቶች የእንጀራ ጥያቄ ነው። ወራት የፈጀ የራስ ፈጠራ ገዢ አጥቶ ሲቀር፣ በጥቂት ሳምንታት የተገጣጠመ የውሰት ሥራ ሲቸበቸብ ያየ ባለሙያ፣ ዳግመኛ የራሱን ለመፍጠር ልቡ ይሰንፋል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው በቅድሚያ ይታወቅ።

ለነገሩ ጥንተ ታሪክ ከሚሆኑት ሁሉ የአንድ አሜሪካዊ ባለሙያ ዕጣ በተለይ ይነገራል። ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ አታሪ በተባለው ኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ በ1982 «ያርስ ሪቬንጅ» የተባለ ጨዋታ አወጣ። ከፊልም ያልተቀዳ፣ ወራት የተደከመበትና በተጫዋቾች የተፈተነ ሥራ ስለነበረ ኩባንያው ራሱ ከፈጠራቸው ጨዋታዎች መካከል በብዛት ከተሸጡት አንዱ ለመሆን በቃ። በዚያው ዓመት አጋማሽ የስቲቨን ስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» ፊልም ወጥቶ ዓለምን ሲያነጋግር፣ አታሪ በስሙ ለመጠቀም ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደከፈለ ይነገራል። የስሙ ድርድር ጊዜውን ስለበላው፣ ጨዋታው ለፈረንጆች ገና ገበያ እንዲደርስ ለዋርሾ የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር።

ውጤቱ ሁለት ገጽታ ነበረው። በአንድ በኩል ጨዋታው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጦ ከእርሱ የተሻሉ አያሌ ጨዋታዎችን በሽያጭ በለጠ። በሌላ በኩል ገዢዎቹ ቤታቸው ገብተው ሲሞክሩት፣ ያ የወደዱት ፍጡር ከጉድጓድ ወጥቶ ጉድጓድ ከመግባት ሌላ ሥራ ያለው አልመሰላቸውም። ብዙዎቹም ለሱቁ መለሱት። በ1983 አታሪ ያልተሸጡ ካርትሪጆችን በኒው ሜክሲኮ በረሃ በአላሞጎርዶ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ቀበረ፤ በ2014 ጉድጓዱ በተቆፈረ ጊዜም «ኢ.ቲ.» ከሌሎች ጨዋታዎች ጋር ተገኘ። የአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ገበያ በ1983 ከነበረበት 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተነሥቶ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወረደ። ለዚህ ውድቀት «ኢ.ቲ.» ብቻውን ተጠያቂ አይደለም፤ ገበያውን ያጥለቀለቁት የችኮላ ሥራዎች ብዙ ነበሩ። የሆነ ሆኖ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ብሂል ይህን ያህል በሒሳብ መዝገብ የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ባለሙያው አንድ መሆኑ ነው። ያው እጅ ጊዜ ሲያገኝ የሚያኮራ፣ ጊዜ ሲነፈግ የሚያሳፍር ሥራ አወጣ።

ከሃያ ዓመት በኋላ በፈረንሳይ የታየው ደግሞ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። በ2003 ሚሼል አንሴል የተባለው ባለሙያ በዩቢሶፍት ኩባንያ «ቢዮንድ ጉድ ኤንድ ኢቭል» የተባለ ጨዋታ አቀረበ። ተቺዎች አመሰገኑት፤ ገዢ ግን አላገኘም። በዚያው ዓመት ከ«ማትሪክስ» ፊልም ሁለተኛ ክፍል ጋር በአንድ ሰሞን የወጣው «ኢንተር ዘ ማትሪክስ» ብዙ እንከን እያለበት በ18 ቀን ውስጥ 1 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ያስገርማል። የፊልም አዘጋጁ ፒተር ጃክሰን የአንሴልን ያልተሸጠ ጨዋታ ወድዶት ስለነበር፣ ለ«ኪንግ ኮንግ» ፊልሙ የሚሆነውን ጨዋታ ለእርሱ ሰጠው። በ2005 የወጣው ይህ ጨዋታ በሚሊዮን የሚቆጠር ገዢ አገኘ። በሁለት ዓመት ልዩነት የሰውየው ችሎታ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስም ነው።

እንግዲህ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት የማይችል ሞኝ ነውን? እንዲህ ብሎ መደምደም የተናደደ ባለሙያ የሚያጽናናበት እንጂ እውነትን የሚያገኝበት መንገድ አይደለም። ጨዋታ እንደ ጨርቅ በጣት ተዳስሶ፣ እንደ ቅቤ በአፍንጫ ተሽትቶ አይገዛም፤ ምንነቱ የሚታወቀው ከተከፈለበትና ሰዓታት ከተጫወቱት በኋላ ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ጥናት የአሮጌ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ እንዳስረዳው፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ሳያውቅ ሲቀር ጥሩው ሸቀጥ ከመጥፎው ተለይቶ ተገቢ ዋጋውን ማግኘት ይሳነዋል። በጨለማ የሚገዛ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ስም ምርኩዝ ቢያደርግ አይፈረድበትም። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል፤ ስሙ የወጣው ከፊልሙ ቤት ሲሆን ጨዋታው ተከትሎ የሚበላ ጎረቤት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ የንግግሩ ዋና ነጥብ ነው። አዲስ ፈጠራ በገበያ የሚሸነፈው በአዲስነቱ ሳይሆን ባለመታወቁ ነው። የውሰት ስምም የሚበላሸው ውሰት በመሆኑ ሳይሆን፣ ስሙን ለመግዛት የወጣው ገንዘብና ፊልሙ የሚወጣበት ቀን የሥራውን ጊዜ ስለሚበሉት ነው። ለዚህ ማስረጃው «ጎልደንአይ» ነው። የጄምስ ቦንድ ፊልም በ1995 ሲወጣ ሬር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ጨዋታውን አላደረሰም ነበር። ባለሙያዎቹ፣ አብዛኞቹ ለሥራው አዲስ የነበሩ ቢሆኑም፣ ከሁለት ዓመት በላይ ደክመው ፊልሙ ከታየ በኋላ በ1997 አወጡት። ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጦ በዘርፉ እንደ መማሪያ ተቆጠረ። ስሙ በሩን ከፈተ፤ ቤቱን የሞላው ግን ጊዜ ነው።

ስም የሌለው ሥራስ በሩን በምን ይከፍታል? «ዱም» የተባለው ጨዋታ በ1993 መጨረሻ ሲወጣ በጀርባው አንድም ፊልም አልነበረም። ሠሪዎቹ ከሦስቱ ክፍሎች የመጀመሪያውን በነጻ ለቀቁት፤ ሰው ሁሉ ለወዳጁ እየገለበጠ እንዲሰጥም ፈቀዱ። የወደደው ቀሪውን ከፍሎ ወሰደ። በዚህ ዘዴ የገዢው ጨለማ በቅምሻ ተገፈፈ። ከ12 ዓመት በኋላ በ2005 ሆሊውድ በዚሁ ጨዋታ ስም ፊልም ሠራ፤ ተበዳሪና አበዳሪ ቦታ ተለዋወጡ።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የጉዳዩ መልክ ትንሽ ይለያል። ወጣቶች በየጨዋታው እየከፈሉ ጆይስቲክ በሚጨብጡባቸው ፕሌይስቴሽን ቤቶች የነገሠው የፊልም ስም ሳይሆን የኳስ ክለብ ስም ነው። ሕጉ ግን ያው ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ተቺዎች በአጨዋወቱ ያስበልጡት የነበረው የኮናሚ ኩባንያ ጨዋታ፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ፈቃድ ስላላገኘ ማንቸስተር ዩናይትድን «ማን ሬድ» እያለ ለመጥራት የተገደደበት ጊዜ ነበር። ለአርሴናልና ለማንቸስተር ሲከራከር ለሚያድር ተመልካች የዚህን ጉድለት ክብደት ማስረዳት አያሻም። ተቀናቃኙ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ሠላሳ ዓመት ያህል የተጠቀመበትን «ፊፋ» የሚል ስም በ2023 ሲተው ግን፣ የክለቦቹንና የተጫዋቾቹን ስም በሌላ ውል ይዞ ስለቆየ ገበያው አልተበተነበትም። ከዚህ እንደሚታየው ዋጋ ያለው ስም በሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ሳይሆን ተጫዋቹ በልቡ ይዞት የመጣው ነው።

ይህን ያስተዋሉ የአዲስ አበባ ባለሙያዎች አሉ። ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ለእጅ ስልክ ያወጣቸውን ጨዋታዎች «ኩኩሉ» እና «ገበጣ» ብሎ ሰየማቸው። «ኩኩሉ» ከአሳዳጅዋ የምታመልጥ ዶሮ ጨዋታ ሲሆን፣ በ2018 አፕስ አፍሪካ በሚባለው አህጉራዊ ውድድር ተሸልሟል። እነዚህ ስሞች ከሆሊውድ አልተገዙም። ኩኩሉ ድብብቆሽ የተጫወተ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ጥሪ ነው፤ ገበጣም እረኛ መሬት ላይ ጉድጓድ አበጅቶ በጠጠር፣ ሽማግሌ ከእንጨት በተፈለፈለ ገበታ የሚጫወተው ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 የገበጣን ልዩ ልዩ ዓይነቶች መዝግቦ እንዳሳተመ የሚታወቅ ሲሆን፣ ከዚያ ዝርዝር ገና ያልተነኩ ብዙዎች ናቸው። የጎንደር መኳንንት ይዝናኑበት የነበረው ሰንጠረዥም፣ በመነሻው ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቅ የሚያንቀሳቅስበት ልዩ ሥርዓት ያለው የኢትዮጵያ ቼዝ ነው። የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት፣ ነገር ግን በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ስም ለአገር ውስጥ ባለሙያ ትልቅ ሀብት ነው።

ሆኖም ይህም ስም ውሰት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ አበዳሪው ሕዝብ ነው። የ«ኢ.ቲ.» ጨዋታ ሲበላሽ ፊልሙ ክብሩን አላጣም። የገበጣ ስም በችኮላ ሥራ ላይ ቢለጠፍ ግን፣ ገበጣን በስልክ ብቻ የሚያውቀው የከተማ ልጅ አሰልቺው ገበጣው ራሱ ይመስለዋል። ስለሆነም የአባቶችን ስም መዋስ ከፊልም ስም ይልቅ ከባድ ኃላፊነት አለበት።

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት ለማኅበሩ አባላት ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ ለፊልም፣ ለተከታታይ ድራማ ወይም ለማስታወቂያ የሚሆን ጨዋታ እንዲሠራ የተጠየቀ ባለሙያ ከክፍያው እኩል ጊዜን መዋዋል ይኖርበታል። ቀኑ የማይለወጥ ከሆነ ሥራውን ማሳነስ፣ ትልቁን በአምስት ሳምንት ከማበላሸት ይሻላል። ሁለተኛ፣ የራሱን ፈጠራ የሚያወጣ ባለሙያ ቅምሻ ሳያቀርብ ዋጋ መጠየቅ የለበትም። በትክል ድንጋይ የሚኖር ወጣት የስልኩን ሒሳብ ቆጥቦ ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን ጨዋታ እንዲገዛ መጠበቅ፣ ሰሊጡን ሳያሳዩ ከረጢቱን እንደ መሸጥ ነው። ሦስተኛ፣ አባላት አንዱ የሌላውን ሥራ ተጫውተው ጥሩውን ጥሩ፣ ደካማውን ደካማ ብለው በአደባባይ ቢጽፉ ለገዢው መብራት ይሆናል። ሁሉን የሚያመሰግን ባልደረባ ምስክርነቱ ዋጋ ያጣል፤ የእርሱ ምስጋና ዋጋ ሲያጣ ደግሞ ያልታወቀው ባለሙያ የመጨረሻ ምርኩዙን ያጣል።

የፊልም ስም የያዘ ጨዋታ ወደፊትም መሸጡ አይቀርም፤ ያም ቢሆን የአዲሱን ፈጠራ በር የዘጋው እርሱ አይደለም። ዛሬ በብድር የሚጠቀሱት ታላላቅ ስሞች ሁሉ አንድ ቀን ማንም የማያውቃቸው ሥራዎች ነበሩ። አንድ ሰው ጊዜ ሰጥቶ ሠራቸው፤ ሌላ ሰው ቀምሶ ለጎረቤቱ መሰከረላቸው። ከሁለቱ የመጀመሪያው የእያንዳንዱ ባለሙያ ድርሻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን በዚህ አዳራሽ የተሰበሰቡት ሁሉ የሚጋሩት ነው።