የገዛነው ቡችላ ቢሞት መብታችን ምንድን ነው?

(በሎስ አንጀለስ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት የእቁብ ዕጣ ሲወጣልኝ 1,200 ዶላር ከፍዬ ለልጄ ቡችላ ገዛሁላት። ስሙን «ቡና» አለችው። በሦስተኛው ቀን መብላት አቆመ፤ ያስመልሰውም ጀመር። የእንስሳት ሐኪሟ መርምራ «ፓርቮ የሚባል ቫይረስ ነው» አለችኝ። በአምስተኛው ቀን ሞተ። ሕክምናው 900 ዶላር ፈጀ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝም ልል ነበር። «በውሻ ተካሰሰች» እንዳልባል ፈራሁ። እናቴም በስልክ «ልጄ፣ ለውሻ ብለሽ ከሰው አትጣዪ» አለችኝ። እኔ ግን የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤት አሥር ዶላር ቢጎድል እስካገኘው እንቅልፍ አይወስደኝም፤ የራሴን 2,100 ዶላር ግን በሐፍረት ልተወው ነበር። ከእናንተ አንዷ «ሕግ አለ፣ አንብቢው» ባትለኝ ኖሮ እተወው ነበር።

የካሊፎርኒያ ሕግ እንዲህ ይላል። ቡችላው ከመሸጡ በፊት በነበረበት በሽታ በ15 ቀን ውስጥ መታመሙን ሐኪም በጽሑፍ ካረጋገጠ፣ ምርጫው የገዢው ነው፦ መልሶ ገንዘቡን መውሰድ፣ በሌላ መለወጥ፣ ወይም ውሻውን ይዞ የሕክምናውን ወጪ እስከ ዋጋው 150 በመቶ ድረስ ማስከፈል። ከተፈጥሮ ወይም ከዘር ለመጣ ከባድ ሕመም ጊዜው አንድ ዓመት ነው። ውሻው ከሞተ ደግሞ ዋጋውን ከነታክሱ ወይም ሌላ ውሻ፣ በተጨማሪም የሕክምናውን ወጪ ከዋጋው ሳይበልጥ መጠየቅ ይቻላል።

ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ሐኪሙ ውጤቱን በነገራችሁ በ5 ቀን ውስጥ ለሻጩ አሳውቁ። ሁለተኛ፣ የሞተበትን ምክንያት ሐኪም በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ሳይመረመር አትቅበሩት። ሦስተኛ፣ ሐኪም ያዘዘውን ሕክምና አታቋርጡ፤ መብታችሁን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ይህ ሕግ የሚመለከተው ባለፉት 12 ወራት ራሱ ካረባቸው ከሦስት ወሊድ ያላነሱ ቡችሎችን ወይም ከ20 ያላነሱ ውሾችን የሸጠ አራቢን ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «በዓመት ስንት ትሸጣለህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የክትባቱን ወረቀትና ደረሰኙንም ተቀበሉ። ስምንት ሳምንት ያልሞላው ቡችላ አትግዙ።

ወደ እኔ ጉዳይ ልመለስ። በአራተኛው ቀን የሐኪሟን ጽሑፍ አያይዤ ደብዳቤ በሪኮማንዴ ላክሁ። አራቢው መጀመሪያ «አያያዝ ስለማታውቂ ነው» አለኝ። ቀጥሎ «ሌላ ቡችላ ልስጥሽ» አለ። ሐኪሟ ግን ቫይረሱ ቤትና ግቢ ውስጥ ለወራት እንደሚቆይ ነግራኝ ስለነበር፣ ሌላ ሕፃን ቡችላ አምጥቼ ልጄን ደግሜ አላስለቅስም ብዬ ገንዘቤን ጠየቅሁ። ሕጉ በ10 የሥራ ቀን ይክፈል ቢልም ዝም አለ። «ስሞል ክሌምስ እሄዳለሁ» ብዬ ስጽፍለት በሦስተኛው ሳምንት ከፈለ። እዚያ ፍርድ ቤት ጠበቃ አያስፈልግም፤ አንድ ግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር መጠየቅ ይችላል፣ ማመልከቻውም ከ30 እስከ 75 ዶላር ነው።

ያልተመለሰልኝ 140 ዶላር ብቻ ነው፤ ሌሊት ለገዛሁት መድኃኒት የከፈልኩት። ደረሰኙን ጥዬው ነበር። የሰው ደረሰኝ ስሰበስብ የምውል ሴት!

እህቶቼ፣ የጠየቅሁት የውሻ ገንዘብ አይደለም። ከእናንተ ጋር በየወሩ የጣልኩት የእቁብ ገንዘቤ ነው። የላባችንን መጠየቅ ነውር የለውም። ደብዳቤ በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚከብዳት ካለች ደረሰኟን ይዛ ከስብሰባው በኋላ ታግኘኝ፤ አብረን እንጽፈዋለን።