በጥቍር ድንጋይ ዳርቻ ያየናቸው ወፎች



ስለ ባሕር ዳር ወፎች እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ «የደጋ ሰው ስለ ባሕር ምን ያውቃል?» የሚል ከመካከላችሁ እንደማይጠፋ ገምቻለሁ። እውነት ነው፤ ያወቅሁትን ጥቂት ነገር ያወቅሁት በመሳሳት ነው።

በጥር ወር ከተማሪዎቼ ጋራ በጅቡቲ፥ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር፥ እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ጥቍር ድንጋይ ላይ ቆመን ነበር። ባሕሩ ሸሽቶ ስለ ነበረ ትናንሽ ወፎች በድንጋዩ መካከል ይሯሯጣሉ። ተማሪዎቹ ስማቸውን ቢጠይቁኝ፥ ሁሉም ጀርባቸው የደበዘዘ ነውና፥ ለሁሉም አንድ ስም ሰጠሁ። አንዲት ተማሪ ግን፥ «መምህር፥ ይኸኛው ጅራቱን ሳያቋርጥ ይወዘውዛል፤ ያኛው ግን ድንጋይ ይገለብጣል፤ እግሩም ብርቱካንማ ነው» አለችኝ። አፈርሁ።

ያሳተኝ ቀለምን ማመኔ ነው። ድንጋይ ገልባጩ በሰሜን ዋልታ አካባቢ በሚራባበት ወራት ጀርባው እንደ ዝገት የቀላ ነው። ለሰሜን ሰዎች ክረምት፥ ለእኛ ግን በጋ በሆነው ጊዜ ወደዚህ ሲወርድ ያን ልብሱን አውልቆ ይመጣል። ስለዚህ የምንቃሩን ቅርጽ፥ የእግሩን ቀለም፥ ከሁሉም በላይ አበላሉን መመልከት ይሻላል። ጅራቱን የሚወዘውዘው ወፍ ከውሃው በላይ ዝቅ ብሎ ክንፉን በአጭር በአጭሩ እያርገበገበ ይበርራል፤ እርሱንስ በደጋ ወንዞቻችንም ዳር ታገኙታላችሁ።

ኀፍረቴን ያቀለለልኝ የሊኔየስ ታሪክ ነው። ይህ ስዊድናዊ ሊቅ በ1741 እ.ኤ.አ. ወደ ጎትላንድ ደሴት በሄደ ጊዜ «ቶልክ» የሚባል ወፍ መኖሩን ሰማ። ቃሉ በስዊድንኛ አስተርጓሚ ማለት ስለ ሆነ፥ ለድንጋይ ገልባጩ ይህንኑ በላቲን ስም አድርጎ ሰጠው። በደሴቲቱ አነጋገር ግን ቃሉ እግር ማለት ነበር፤ የሚጠሩበትም ሌላውን፥ እግረ ቀዩን ወፍ ነው። ስሙ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ከዚያ ወዲያ፥ ያየነውን በደብተር ሳንጽፍ መጽሐፍ እንዳይገለጥ ከለከልሁ። ከሰዓት በኋላ፥ እግረ ረጅም፥ ነጭና ጥቍር ላባ የለበሰ ወፍ በወፍራም ምንቃሩ ሸርጣን ሲቀጠቅጥ አየን። አጠገቡ አንድ ግራጫ ወፍ ቆሟል። ሁሉም «ሁለት ዓይነት» ብለው ጻፉ፤ እኔም ዝም አልሁ። ጥቂት ቈይቶ ግራጫው ጎንበስ ብሎ እየጮኸ ምግብ ይለምን ጀመር። ለካ ልጁ ኖሯል! የዚህ ወፍ ጫጩት በአሸዋ ውስጥ በተቈፈረ ጕድጓድ ተፈልፍሎ፥ መብረር ከቻለም በኋላ ለወራት ከወላጁ ይቀለባል።

ደብተሮቹን ከነስርዛቸው ይዤአቸው መጥቻለሁ፤ መመልከት ለሚሻ በጠረጴዛው ላይ ይገኛሉ።