የጠመመ አከርካሪን በማቅናት ሕክምና የውጤት መሻሻል፤ ከሐይቅና ከአምባሰል አንጻር ሲታይ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ከደሴ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የሐይቅን ውሃ ያያል። ከዚያ አልፎ ወደ ውጫሌ ሲያመራ የአምባሰል ተራራ ከፊቱ ይገተራል። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስሙ የሚጠራበት ይህ አገር አቀበቱ የበረታ፣ መንደሩም ከመንደር የተራራቀ ነው።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል በዚህ አገር የምትኖር አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ትታሰብ። አንደኛው ትከሻዋ ከሌላው ከፍ ማለት ይጀምራል፤ የጀርባዋም አንዱ ጎን ይወጣል። ብዙ ሕመም ስለሌለው አትናገርም፤ ነጠላዋም ይሸፍነዋል። እናቷ ያስተዋለች ዕለት ደግሞ እንስራ የጎዳት መስሏት ሸክሙን ታቀልላት ይሆናል እንጂ ወደ ሐኪም ልትወስዳት አታስብም። ሸክም ግን ለዚህ በሽታ ምክንያት አይደለም። ልጅቱ በሐኪም ፊት የምትቆመው ከዓመታት በኋላ፣ አቀበት ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት ነው። ያን ጊዜም የአከርካሪዋ ጥመት ከመቶ ዲግሪ ያለፈ ሊሆን ይችላል። የዚህች ልጅ የቀዶ ሕክምና ውጤት የሚወሰነው የትና መቼ ነው? የዛሬው ንግግር የሚመረምረው ይህንን ጥያቄ ነው።

ስኮሊዮሲስ የሚባለው የአከርካሪ ጥመት የሚለካው አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኮብ በ1948 ባወጣው የማዕዘን ስሌት ሲሆን፣ ከ10 ዲግሪ በታች ያለው በዚህ ስም አይጠራም። ፖል ሃሪንግተን በቴክሳስ ግዛት በሂዩስተን ከተማ ፖሊዮ ያጣመማቸውን ልጆች ሲያክም ከአከርካሪ ጋር የሚያያዝ የብረት ዘንግ ሠርቶ የሥራውን ውጤት በ1962 አሳተመ። ዘንጉ ታላቅ እመርታ ነበረ፤ ነገር ግን አከርካሪውን ከሁለት ጫፍ ለጥጦ ስለሚያቃና ሕብለ ሰረሰር የሚጎዳበት ጊዜ አልጠፋም። ስለዚህም በፈረንሳይ አገር ስታኛራና ባልደረቦቹ በ1973 አዲስ ፈተና አቀረቡ። ይኸውም ታማሚውን በቀዶ ሕክምናው መካከል ለአፍታ ከማደንዘዣው አንቅቶ እግሩን እንዲያንቀሳቅስ ማዘዝ ነው። ኋላም የነርቭን መልእክት በኤሌክትሪክ ያለማቋረጥ የሚከታተል መሣሪያ ተጨመረ። ዕውቀቱ የጎለመሰው እንዲህ ጉዳቱን ሳይሸሽጉ በመመዝገብና ምክንያቱን በመመርመር ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ ሕክምና ታሪክ ከወሎ መከራ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለ። አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ወሎን ክፉኛ በጎዳው በ1984ቱ ረሀብ ጊዜ ለእርዳታ ነበር። ኋላም በአዲስ አበባ በማዘር ቴሬዛ ሚሲዮን ድኾችን ሲያክሙ አከርካሪያቸው እጅግ የጠመመና የጎበጠ ልጆች አጋጠሟቸው። ከ2006 ጀምሮ ከጋናዊው የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ከፕሮፌሰር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ ጋር በመተባበር አያሌ ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ወደ አክራ ተልከው ታክመዋል። ቦአቺ አጄይ ፎኮስ የተባለውን ድርጅት በ1998 የመሠረቱ ሲሆን፣ የድርጅቱ ሆስፒታል የተከፈተው በ2012 ነው።

በአክራ የተደረገው ምርምር በሌላው ዓለም ከሚታየው እጅግ የከፋ ጥመትን ይመለከታል። በበለጸጉ አገሮች ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ጥመቱ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ከምሥራቅና ከምዕራብ አፍሪካ የሚሄዱት ልጆች ዘንድ ግን ከመቶ ዲግሪ በላይ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለውን ግትር ጥመት በአንድ ቀን ለማቅናት መሞከር ሕብለ ሰረሰርን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለ ሆነም ከቀዶ ሕክምናው በፊት በራስ ቅል ላይ ቀለበት ታስሮ፣ በገመድና በክብደት አማካይነት አከርካሪው ለሳምንታት ቀስ በቀስ ይሳባል። ክብደቱ ከጥቂት ኪሎ ተጀምሮ የታማሚውን የሰውነት ክብደት ከ30 እስከ 50 በመቶ እስኪያህል ድረስ ይጨመራል። ነርሷም የእጅና የእግሩን ኀይል፣ የዓይኑንም እንቅስቃሴ በየዕለቱ ትመረምራለች። በእነዚህ ሳምንታት ልጁ ምግብ ያገኛል፤ ደረቱ ይከፈታል፤ ትንፋሹም ይሻሻላል። በቀዶ ሕክምናው ቀን የሚቀረው የጥመት መጠን ያነሰ ስለሚሆን ሐኪሙ አጥንት ቆርጦ የማውጣቱ አደገኛ ሥራ ሊቀልለት ይችላል።

ሁለተኛው ትምህርት አደጋን አስቀድሞ መመዘን ነው። የፎኮስ ሐኪሞች የታማሚውን ሁኔታ፣ የጥመቱን መጠንና የታሰበውን ቀዶ ሕክምና ዓይነት አንድ ላይ የሚደምር የአደጋ መለኪያ አዘጋጅተዋል። ሦስተኛው በችግር ሰዓት የሚነበብ ዝርዝር ነው። በ2014 የታተመው የመቆጣጠሪያ ዝርዝር የነርቭ ምልክት በድንገት ሲደክም እያንዳንዱ ባለሙያ ምን ማድረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል ይነግራል፦ የደም ግፊትን ማሳደግ፣ የደም ማነስንና የሰውነት ሙቀትን መመርመር፣ መሳቡን ማላላት፣ አስፈላጊም ከሆነ ዘንጉን ማውጣት። ድንጋጤ በበረታበት ሰዓት ትዝታን ማመን አይገባም፤ ወረቀቱ ግን አይደነግጥም።

ሆኖም ይህ ሁሉ የሚደረገው በመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። በሰሜን አሜሪካ ተደርጎ በ2013 የታተመ ጥናት በማደግ ላይ ያሉ ልጆች ደጋፊ ቀሚስ ቢያጠልቁ፣ ከመቶው 72ቱ ጥመታቸው ለቀዶ ሕክምና ከሚያደርሰው መጠን በታች ሆኖ ዕድገታቸውን እንደ ፈጸሙ አሳይቷል። በክትትል ብቻ ከቆዩት ግን እንዲህ የሆነላቸው 48ቱ ነበሩ። በቀን 13 ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያጠለቁት ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ተሳክቶላቸዋል። ይህ ዕድል ያለው ግን ጥመቱ ገና መካከለኛ ሳለ፣ አጥንቱም ማደጉን ሳያቆም ለተገኘ ልጅ ነው። በነቀርሳ ምክንያት የሚመጣው ጉብጠትም ቢሆን መድኃኒቱ አጥንቱ ሳይፈርስ ከተጀመረ ብዙ ጊዜ ሊገታ ይችላል፤ መድኃኒቱም በየጤና ጣቢያው ያለ መድኃኒት ነው። እንግዲህ የአምባሰሏ ልጅ ውጤት ግማሹ የሚወሰነው ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ርቆ፣ በትምህርት ቤቷና በቅርቧ ባለው ጤና ጣቢያ ነው።

መመርመሪያውም ወጪ የለውም። እንግሊዛዊው ዊልያም አዳምስ በ1865 እንዳስተማረው ልጁ ሁለት እጁን ገጥሞ ወደ ፊት እንዲጎነበስ ይደረጋል። ከኋላ የቆመ ሰው የጀርባው አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ ቢያይ ራጅ ማስነሣት ይገባል። ለዚህ ጥቂት ደቂቃ፣ አንድ መምህርና አንዲት ነርስ ይበቃሉ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ደግሞ ከፊተኛው ያላነሰ ከባድ ነው። በዘርፉ የሚታተሙ ጥናቶች ዘወትር ቢያንስ የሁለት ዓመት ክትትል ይጠይቃሉ። ዘንግ ሊሰበር፣ ቁስል ሊያመረቅዝ፣ ጥመቱም ሊመለስ ይችላል። ወደ አምባሰል የተመለሰች ልጅ ግን ስልኳ ከተለወጠ፣ ራጇም ከጠፋ፣ ደኅና መሆኗን የሚያውቅ ሐኪም አይኖርም። በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ በደሴና በአካባቢው የጤና ተቋማት ላይ ያደረሰው ዘረፋና ጥፋት መዝገብን በአንድ ቦታ ብቻ ማኖር ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ አስተምሯል።

በዚያው በሐይቅ፣ በእስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1280 ወይም በ1281 ያጻፉት ወንጌል ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ተጠብቆ ኖሯል። መነኮሳቱ ለመዝገብ እንዲህ ያለ ክብር በሰጡበት አገር የአንዲት ልጅን ራጅ ለሁለት ዓመት ማቆየት ከዐቅም በላይ ሊባል አይገባም። የራጁ ግልባጭ በቤተሰቡ እጅ፣ በጤና ጣቢያውና በአካመው ሆስፒታል ቢቀመጥ፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም የቀጠሮውን ቀን ብታውቅ፣ ለታማሚዋ ዋስትና ለምርምሩም ማስረጃ ይሆናል።

እንግዲህ ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። በየወረዳው ያለው ባለሙያ የትምህርት ቤት ልጆችን ጀርባ አጎንብሶ ይይ፤ የጠረጠረውን ሳይዘገይ ይላክ፤ ታክሞ የተመለሰውንም ደኅና ውጤትም ሆነ ጉዳት ቢኖር ሳይሸሽግ ይመዝግብ። ከነጠላው በታች ያለውን ጥመት በአሥራ አንድ ዓመቷ ያየላት ሰው ከተገኘ፣ የአምባሰሏ ልጅ የጠና ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋት፣ አቀበቱን በሙሉ ትንፋሽ የምትወጣ እናት ልትሆን ትችላለች።