ፀሐይዋ ከፍሬም ስትወጣ፦ የፀሐይ ፎቶና የተንቀሳቃሽ ማውንት ሥልጠና የመክፈቻ ንግግር



ከክፍልና ከስቱዲዮ ሥራችሁ ላይ ጊዜ ቀንሳችሁ፣ ገሚሶቻችሁም ማውንትና ትራይፖድ ተሸክማችሁ መምጣታችሁ በእውነት ደስ አሰኝቶኛል። በምዝገባ ቅጹ ላይ «ምን አስቸገራችሁ?» ለሚለው ጥያቄ የሰጣችሁትን መልስ አንድ በአንድ አንብቤዋለሁ። አገላለጹ ቢለያይም አብዛኛው ወደ አንድ ቅሬታ ያመራል፤ ካሜራውን ከፀሐይ ጋር የሚያዞረው ማውንት በርቷል፣ ሞተሩም ይሰማል፣ ፀሐይዋ ግን ከፍሬም ትወጣለች።

ፀሐይዋ ስትጠፋ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው ትራይፖዱ ነው። እግሩ ይረዝማል፣ ያጥራል፤ የካሜራው መያዣ ይላላል፤ ኮምፓሱ እንደገና ከኪስ ይወጣል። እንዲህ ብዙ ነገር ባንዴ ተነካክቶ ችግሩ ቢቃለል እንኳ የትኛው እንዳቃለለው ስለማይታወቅ፣ በማግስቱ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ምንም ብሎን ሳትፈቱ በፊት ሰዓት ያዙ። ፀሐይዋ ከፍሬም የምትወጣበት ፍጥነት ችግሩ የት እንዳለ ይናገራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ፀሐይ በሰማይ ላይ በ1 ደቂቃ ሩብ ዲግሪ ትጓዛለች፤ የፊቷ ስፋት ደግሞ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ ካሜራው ዝም ብሎ ቆሞ ከሆነ፣ የራሷን ስፋት ያህል ለመሸሽ ከ2 ደቂቃ ትንሽ በለጥ የሚል ጊዜ ይበቃታል። በካሜራችሁ ስክሪን ላይ የመስመር መረቡን አብሩና ጠርዟን ከአንዱ መስመር ጋር አስታኩ፤ ከዚያ እጃችሁን አንሥታችሁ ጠብቁ።

የራሷን ስፋት በ2 ደቂቃ ገደማ ከሸሸች ማውንቱ ካሜራውን ጨርሶ እያዞረው አይደለም ማለት ነው። ሞተሩ ድምፅ ቢያሰማም ማርሹን ከካሜራው ጋር የሚያያይዘው ፍሪሲዮን ካልጠበቀ ማርሹ ለብቻው ይዞራል፣ ካሜራው ባለበት ይቀራል። በጣት ጥብቅ አድርጋችሁ እንደገና ለኩ። በ4 ደቂቃ ገደማ ከሸሸች የፍጥነት መራጩ በግማሽ ፍጥነት ላይ ነው፤ ይህ ከዋክብትን ከመልክዓ ምድር ጋር አንድ ላይ ለሚያነሡ ተብሎ የተሠራ ፍጥነት ነው። በ1 ሰዓት ገደማ ከሆነ ደግሞ መራጩ በጨረቃ ፍጥነት ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

በ1 ደቂቃ ብቻ ከሸሸችስ? ማውንቱ ይዞራል፣ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ። የሰሜንና የደቡብ ንፍቀ ክበብ መራጩ ተዛውሯል ማለት ነው። ይህ ስሕተት በአገራችን የሚፈጠርበት የራሱ ምክንያት ስላለው ትንሽ ልቆይበት። በክረምት፣ በቀትር፣ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትታየው ከአናታችን ወደ ሰሜን አዘንብላ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ «ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ከሆነች መራጩ ወደ ደቡብ መዞር አለበት» ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። የሚወስነው ፀሐይዋ ያለችበት ወገን ሳይሆን ከአድማስ በላይ ያለው የሰማይ ዋልታ ነው። ኢትዮጵያ በሙሉ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ናት፤ ስለዚህ ከሞያሌ እስከ አድዋ መራጩ ሁልጊዜ ሰሜን ላይ ይሁን።

ሌላ ምልክት አለ። ፀሐይዋ ለጥቂት ጊዜ በቦታዋ ጸንታ ትቆይና ድንገት በ2 ደቂቃው ፍጥነት መሸሽ ትጀምራለች። ያን ጊዜ የኃይል ምንጩን ተመልከቱ። እነዚህ ትናንሽ ማውንቶች የሚስቡት ኃይል እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ አንዳንድ ፓወር ባንክ ምንም ያልተሰካበት መስሎት ራሱን ያጠፋል። ማውንቱ ምንም አልሆነም። ሌላ ፓወር ባንክ ወይም በውስጡ የሚገቡትን ባትሪዎች ሞክሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፀሐይዋ ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት እየቆየች ቀስ ብላ የምትወጣ ከሆነ ሞተሩን ተዉት፤ ማውንቱ የሚዞርበት ዘንግ አቅጣጫ ነው የሳተው። ዘንጉ ከሰማይ ዋልታ በ5 ዲግሪ ከራቀ፣ ፀሐይዋ በ25 ደቂቃ ገደማ የራሷን ስፋት ያህል ልትሸሽ ትችላለች። በ1 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ግን በ1 ሰዓት የምትሸሸው ቢበዛ የስፋቷን ግማሽ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ብዙ ድካም ይቀንስላችኋል።

የምሽት ከዋክብትን ከሚያነሡ ሰዎች የተማረ ሁሉ ፍጹም ልክ የሆነ ዘንግ ካልተገኘ ሥራ አይጀመርም ብሎ ያምናል። ለኮከብ እውነት ነው፤ እዚያ ካሜራው ለረጅም ደቂቃ ተከፍቶ ይቆያል። ለፀሐይ አይደለም። ፊዞና ፉኮ የተባሉት ፈረንሳውያን በ1845 የፀሐይን ፎቶ በዳጌሮታይፕ ሲያነሡ ብርሃኑን ያስገቡት ለ1/60 ሰከንድ ብቻ ነበር። ዛሬ ከዚያም ባጠረ ጊዜ እናነሣለን። በዚያ ቅጽበት ውስጥ የፀሐይ ጉዞ ፎቶውን ለማደብዘዝ አይበቃም። ማውንት የሚያስፈልገን ፀሐይዋን ለረጅም ሰዓት በፍሬም ውስጥ ለማቆየት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየውን ቀለበታዊ ግርዶሽ አስታውሱ። ቀለበቱ የቆየው ከ2 ደቂቃ በታች ቢሆንም ግርዶሹ ከመጀመሪያው ንክኪ እስከ መጨረሻው ከ2 ሰዓት በላይ ወስዷል። ያን ሁሉ በተከታታይ ለማንሣት የ1 ዲግሪ ስሕተት ያለው ዘንግ በቂ ነው፤ አልፎ አልፎ ፀሐይዋን ወደ መሐል መመለስ ብቻ ነው የሚጠይቃችሁ።

1 ዲግሪውን በጠራራ ፀሐይ እንዴት እናገኘዋለን? የሰሜን ኮከብ በቀን አይታይም። በሌሊትም ቢሆን አዲስ አበባ ላይ ከአድማስ ከፍ የሚለው 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ እንጦጦ ግርጌ ላለ ሰፈር ተራራው ይጋርደዋል። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ለየብቻ እንሠራለን። አንደኛው የዘንጉ ከፍታ ነው። ትራይፖዱን በውሃ ልክ አስተካክላችሁ፣ ዘንጉን የምትሠሩበት ቦታ ኬክሮስ ላይ አቁሙት፤ አዲስ አበባ 9፣ ላሊበላ 12 ዲግሪ። ዘንጉ እንዲህ ዝቅ ሲል ክብደቱ ሁሉ ወደ ሰሜን ስለሚያደላ አንዱ የትራይፖድ እግር በትክክል ወደ ሰሜን ይዘርጋ፤ ሚዛን መጠበቂያው ክብደትም ከእግሩ ጋር እንዳይጋጭ ማውንቱን አስቀድማችሁ ሙሉ ዙር በእጅ አዙራችሁ እዩ።

ሁለተኛው ሰሜኑን ማግኘት ነው። ኮምፓስ ይረዳል፤ ነገር ግን የሞተሩ ማግኔትና የትራይፖዱ ብረት መርፌውን ስለሚጎትቱት ራቅ ብላችሁ ለኩ። እኔ ይበልጥ የምወደው የግንበኞችን ቱምቢ ነው። ቱምቢውን አንጠልጥሉ፤ ፀሐይ መሐል ሰማይ ላይ ስትደርስ የገመዱ ጥላ በሰሜንና በደቡብ መስመር ላይ ይጋደማል። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሆነው ልክ በ6 ሰዓት አይደለም። የሰዓት ቀጠናችን የተሰላው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ሲሆን እኛ ያለነው ወደ 39 ገደማ ስለሆነ፣ በአማካይ 6 ሰዓት ከ25 ላይ ነው፤ እንደ ወቅቱም በደቂቃዎች ወዲህና ወዲያ ይላል። ፀሐይ በአናታችን በምታልፍባቸው ቀኖች፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ሳምንታት፣ ጥላው ስለሚያጥር ይህ ዘዴ አይሠራም።

የቀረውን ስሕተት ፀሐይዋ ራሷ ታሳያችኋለች። በቀትር አካባቢ ቀስ እያለች ወደ ደቡብ ከሸሸች ዘንጉ ወደ ምሥራቅ አዘንብሏል፤ ወደ ሰሜን ከሸሸች ወደ ምዕራብ። በጠዋት፣ ፀሐይ በምሥራቅ ሳለች፣ ወደ ሰሜን ከሸሸች ዘንጉ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል፤ ወደ ደቡብ ከሆነ ዝቅ ብሏል። አንዱን ብቻ በትንሹ አስተካክሉ፤ ከዚያ እንደገና ሰዓት ያዙ።

ፀሐይዋን በራሱ የሚፈልግ፣ በስልክ የሚታዘዝ ማውንት ያላችሁ ደግሞ ሰዓትና ቀን ስታስገቡ ተጠንቀቁ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ «4» ብላችሁ ካስገባችሁ ማውንቱ የሚያስበው ከፀሐይ መውጣት በፊት ነው፤ የ6 ሰዓት ልዩነት ደግሞ በሰማይ ላይ 90 ዲግሪ ነው። ቀኑም በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን። ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚዞሩት ዓይነቶች ፀሐይ አናት ላይ ስትቀርብ ይቸገራሉ። በሐምሌ መጨረሻ ቀትር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ጎን መዞር የሚኖርባቸው ከተለመደው 6 እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ነው። ያን ሰዓት ለእረፍት ብትጠቀሙበት ይሻላል።

ስለ ዓይናችሁ አጥብቄ ልናገር። አደጋ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ችግር ፍለጋ ላይ ሳለን ነው፤ ሐሳባችን ማውንቱ ላይ ስለሚሆን። ፀሐይዋ ከስክሪኑ ስትጠፋ «ለመፈለግ ያህል» ብሎ ፊልተሩን ማውለቅ በዚህ ግቢ ውስጥ የተከለከለ ነው። ለፀሐይ የተሠራው ፊልም ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ የሚቀመጠው ከሌንሱ ፊት እንጂ በዓይን በኩል አይደለም። ጠዋት ጠዋት ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ቀዳዳ እንደሌለው እዩ፣ ነፋስ እንዳያነሣው በፕላስተር እሰሩት። ፀሐይዋን ለመፈለግ የሌንሱን ጥላ መሬት ላይ ተመልከቱ። ጥላው ከሁሉም ያነሰና የተስተካከለ ክብ ሲሆን ፀሐይዋ ፍሬም ውስጥ ናት።

ምስሉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ሁልጊዜ ማውንቱን አትውቀሱ። የጋለ ቆርቆሮና አስፋልት አየሩን ያናውጡታል። ከጣሪያ ላይ ውረዱና ሣር ላይ ቁሙ፤ በማለዳም ጀምሩ።

ይህን ሁሉ ዛሬ የምንለማመደው ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ስለሚመጣ ነው። የዚያን ቀን ሙሉ ግርዶሽ በሉክሶር ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል፤ ጅዳና መካም በጥላው መንገድ ላይ ናቸው። ጅዳ ላይ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን ከደጃፋቸው ያዩታል። ከእናንተ መካከል ማውንቱን ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ካለ፣ ዘንጉን ከ9 ወደ 21 ዲግሪ ተኩል ማንሣቱን አይርሳ። እዚህ ለምንቀረው ግርዶሹ ከፊል ነው፤ ስለዚህ ፊልተሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይወልቅም። ወሩም የክረምት ወር ነው። ደመናው የሚከፈተው ለደቂቃዎች ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያች ደቂቃ ፍሪሲዮን የሚፈልግ ሰው ግርዶሹ ያመልጠዋል። መምህራን፣ ያን ቀን ከአጠገባችሁ የሚቆሙትን ልጆች አስቡልኝ። የፀሐይን ግርዶሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በእናንተ ስክሪን ላይ የሚያዩ ብዙዎች ይሆናሉ።

አሁን ወደ ግቢው እንወጣለን። በየቡድኑ አንድ ማውንት ተተክሏል፤ እያንዳንዱም ሆን ተብሎ አንድ ነገሩ ተበላሽቷል። ሰዓት የሚይዝ አንድ ሰው ምረጡ፤ የለካችሁትን ደቂቃና ፀሐይዋ የሸሸችበትን አቅጣጫ ጽፋችሁ ለአሠልጣኙ እስክታሳዩ ድረስ ማንም ብሎን አይንካ። ሥልጠናው በይፋ መከፈቱን በታላቅ ደስታ እገልጻለሁ፤ መልካም የሥራ ጊዜ ይሁንላችሁ።