የባሕር አረምና የሕዋሳት ግልባጭ



በመሥሪያ ቤታችሁ ለደብዳቤው ሁሉ ግልባጭ እንደሚቀርለት፣ በሰውነታችንም አንድ ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤ የተባለው የዘር መዝገቡ ፊደል በፊደል ይገለበጣል። ገልባጩ ዲኤንኤ ፖሊሜሬዝ የሚባል ኤንዛይም ነው። ይህንንም አሜሪካዊው ሊቅ አርተር ኮርንበርግ እ.ኤ.አ. በ1956 ከባክቴሪያ ውስጥ ለይተው በማውጣታቸው በ1959 የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል።

ነቀርሳ ማለት እንግዲህ ያለ ትእዛዝና ያለ ልክ የሚባዛ ሕዋስ ነው፤ ገልባጩ ከተገታ ነቀርሳውም መባዛቱን ያቆማል። ከባሕር ይህን የሚያደርግ ነገር እንደሚገኝ ያመለከተው ስፖንጅ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ስፖንጅ የወጡት ንጥረ ነገሮች መንገዱን አሳይተው፣ ሳይታራቢን የተባለው የደም ነቀርሳ መድኃኒት በ1969 በአሜሪካ ተፈቀደ። መድኃኒቱ የሐሰት ፊደል ሆኖ በግልባጩ ውስጥ እየገባ ገልባጩን ያሰናክላል።

የባሕር አረምም በዚሁ ዓይን ይመረመራል። አረሙ ደርቆ ይፈጫል፤ በአልኮል ተዘፍዝፎ ጭማቂው ይወጣል። ከዚያም ኤንዛይሙ፣ የሚገለበጠው ዲኤንኤና አራቱ ፊደላት በአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ይቀላቀላሉ፤ ከፊደላቱም አንዱ ጨረር እንዲያወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጭማቂው ተጨምሮ በአዲሱ ግልባጭ ላይ ያለው ጨረር ቢያንስ፣ ገልባጩን የያዘ ነገር አለ ማለት ነው። ጭማቂው ተከፋፍሎ፣ ክፍሉም እንደገና ተከፋፍሎ፣ አንዱ ንጥረ ነገር ብቻውን እስኪቀር ድረስ ምርመራው ይደጋገማል። ትዕግሥት ለሌለው ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም።

የጃፓን ተመራማሪዎች በ1998 ጊጋርቲና ቴኔላ ከተባለው ቀይ አረም ድኝ ያለበት የስብ ዓይነት አግኝተዋል። ይህም የእንስሳትን ዲኤንኤ ፖሊሜሬዝና የኤድስ ቫይረስ ዘሩን የሚገለብጥበትን ኤንዛይም በብልቃጥ ውስጥ የሚገታ ሆነ።

ነገር ግን አታላይ ብዙ ነው። በቡናማው አረም ውስጥ ያለው ታኒን ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ስለሚይዝ፣ ገልባጩን ለይቶ የያዘ ይመስላል፤ ስለዚህ ሌሎች ኤንዛይሞችም ይፈተናሉ። ከዚህም የሚከፋው፣ የመቅኔና የአንጀት ጤነኛ ሕዋሳትም ያለማቋረጥ የሚገለበጡ መሆናቸው ነው። በሰው ገላ ከደርዘን የሚበልጡ የፖሊሜሬዝ ዓይነቶች አሉና፣ ተመራማሪዎች አጥብቀው የሚሹት አንዱን ገትቶ ሌላውን የሚተወውን ነው።

ይህን ያነበበ ሰው የደረቀ የባሕር አረም አፍልቶ ለበሽተኛ ዘመዱ እንዳያጠጣ አደራ እላለሁ። በብልቃጥ የሠራ ሁሉ በሰው ገላ አይሠራም። ሳይታራቢን እንኳ በአፍ ቢወሰድ አንጀትና ጉበት ስለሚያበላሹት፣ የሚሰጠው በመርፌ ነው።