ሁለተኛው በሬ



በወገዳና በዙሪያዋ፣ ይኸውም በስማዳ፣ በጋይንትና በእስቴ፣ ከሞተር ወፍጮ በፊት ላደግን ወንዶች ልጆች የመጀመሪያው ትምህርት ጥጃ ጥበቃ ነበር። ከጥጃ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ ከብት፣ በመጨረሻም እርፍ ወደ መጨበጥ እንሸጋገራለን። ሳያመሰኳ የዋለ በሬ እንደ ታመመ ፊደል ከመቁጠራችን በፊት እናውቃለን። እኅቶቻችን ግን ከእንስራና ከድንጋይ ወፍጮ ወዴትም አይሸጋገሩም ነበር፤ ስለዚያ ድካም ብዙ አለመነገሩ ያሳዝነኛል።

ያን ኑሮ የሚያነሡ ሁሉ መብራትና ቧንቧ አለመኖሩን ያስታውሳሉ። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ጉድለት የሁለተኛው በሬ ነበር። በጉና ግርጌ ገብስ ለሚዘራውም፣ በበሽሎ ቆላ ማሽላ ለሚዘራውም ቀንበሩ ሁለት አንገት ይፈልጋል። ባለ አንድ በሬው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ የአንዱ ማሳ ሲታረስ የሌላው ተራውን ይጠብቃል። ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅም። ጨርሶ በሬ ያጣው መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ይሰጣል፤ ከገዛ መሬቱ የሚያገኘውም የምርቱን ግማሽ ነው።

የበሬ እልቂት ምን እንደሚያስከትል አገራችን በክፉ ቀን አይታዋለች፤ በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ እርሻውን አቁሞ ረኃብ አስከትሏል። ይህ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. መታወጁ የሙያችን ታላቅ ድል ነው።

ሌሎቹ በሽታዎች ግን አሉ፤ በእነዚያ ወረዳዎችም ዛሬ አብዛኛው ማሳ የሚታረሰው በበሬ ነው። ስለዚህ በመስክ የተሠማራችሁ ባልደረቦች፣ ገበሬውን «ስንት ከብት አለዎት?» ከማለታችሁ አስቀድሞ «ከማን ጋር ተቀናጅተዋል?» ብላችሁ እንድትጠይቁ አሳስባለሁ፤ የአንድ በሬ መታመም የሁለት ቤት እርሻ ያቆማልና።