ከዘውዱ በኋላ የመጣው ሥራ



ውድ ተመራቂዎች፣ ዛሬ ስለ ቤስ ማየርሰን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ወላጆቻችሁ ወደ አሜሪካ ሲገቡ የዝናዋ ዘመን እያለፈ ስለነበር ብዙዎቻችሁ ላታውቋት ትችላላችሁ። የቁንጅና ንግሥት ነበረች፤ ቀጥሎ የቴሌቪዥን ሰው፣ ከዚያም የኒውዮርክ ከተማ ባለሥልጣን ሆነች። እኔ የማደንቃት በመጨረሻው ነው።

የተወለደችው በ1924 በኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ነው፤ ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ወላጆቿ ከሩሲያ የመጡ አይሁድ ስደተኞች ነበሩ። አባቷ ቤት ቀለም እየቀባ ሦስት ሴት ልጆች አሳደገ፤ ገንዘብ ባይተርፈውም ልጆቹን ሙዚቃ አስተማረ። ቤስ በ1945 ከሀንተር ኮሌጅ በሙዚቃ ተመረቀች። በዚያው ዓመት እህቷ ሳታማክራት ለቁንጅና ውድድር አስመዘገበቻት። ቤስ ልቧ ያዘነበለው የ5,000 ዶላር የትምህርት ሽልማት መኖሩን ስትሰማ ነው፤ ሙዚቃዋን መቀጠል ትፈልግ ነበርና።

የውድድሩ ኃላፊ ግን ስምሽን ለውጪ አለቻት። ቤስ ማየርሰን ለመድረክ አይሆንም፣ ቤት ሜሪክ ብትባዪ ይሻልሻል የሚል ምክር ነበር። ስሙ አይሁዳዊት መሆኗን ይናገር ስለነበር ነው። ቤስ እምቢ አለች። ልጆች፣ ስማችሁ ለአፍ ይከብዳል፣ በሥራ ማመልከቻችሁ ላይ አሳጥሩት የተባላችሁ ከመካከላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሃያ አንድ ዓመቷ ወጣት ያን ቀን ምን ልታጣ እንደምትችል ታውቅ ነበር፤ አውቃም በስሟ ጸናች።

መስከረም 8 ቀን 1945 በአትላንቲክ ሲቲ ፒያኖና ዋሽንት ተጫውታ ሚስ አሜሪካ ተባለች። የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ቀናት መቆጠራቸው ነበር፤ በአውሮፓ በአይሁድ ላይ የደረሰውን እልቂት ዓለም ገና እየሰማው ነበር። ዘውዱን የደፋች የመጀመሪያዋ አይሁዳዊት እሷ ናት። ሆኖም ዘውዱ ከንቀት አላዳናትም። አሸናፊዋን በማስታወቂያቸው ያሠሩ ከነበሩት ስፖንሰሮች አንዳንዶቹ ሸሹ። በጉዞዋ ላይ አይሁድ የማይገቡባቸው ሆቴሎችና ክለቦች አጋጠሟት። እሷም ጉዞውን አቋርጣ ጥላቻን ከሚታገለው አንቲ ዲፋሜሽን ሊግ ጋር ሆና በየትምህርት ቤቱ እየዞረች ለተማሪዎች ትናገር ጀመር። ሰው እየጠላችሁ ቆንጆ ልትሆኑ አትችሉም የሚለው መልእክቷ ከቁንጅና ንግሥት አፍ ሲወጣ ተማሪው ይሰማዋል። ሰዎች ሊያይዋት ሲመጡ እሷ አስተማረቻቸው።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አሜሪካ በየሳሎኑ በቴሌቪዥን ታያት ነበር፤ የጨዋታ ፕሮግራም አቀረበች፣ የሚስ አሜሪካን ሥርጭትም መራች። ይህን ቶሎ አልፈዋለሁ፤ ወደ ዋናው ጉዳይ መድረስ እፈልጋለሁ።

በ1969 ከንቲባ ጆን ሊንድሴ የከተማዋን የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንድትመራ ሾሟት። መሥሪያ ቤቱ የገበያና የንግድ ፈቃድ መምሪያዎች ተዋህደው የቆመ አዲስ ተቋም ነበር። የቁንጅና ንግሥት ለፎቶግራፍ ነው የተሾመችው ብሎ ያሰበ አልጠፋም። እሷ ግን ሥራውን ከሚዛን ጀመረችው። ሚዛን የሚቀሽበውን ነጋዴ፣ የተፈጨ ሥጋ ውስጥ ሌላ ነገር የሚቀላቅለውን ባለ ሉካንዳ ተቆጣጣሪዎቿ ተከታተሉት። ሱፐርማርኬቶች የጥቅሉን ዋጋ ብቻ ሳይሆን አንዱ ፓውንድ ስንት እንደሚያወጣ እንዲጽፉ ታገለች። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ትልቁና ትንሹ ካርቶን በተለያየ ዋጋ ሲደረደር የትኛው እንደሚያዋጣ መደብሩ ውስጥ ቆማ ማስላት ያለባት ሁለት ፈረቃ ሠርታ የመጣች እናት ናት፤ ደክሟታል፣ ልጅ አዝላለች። በዚያ ስሌት የሚጠፋው ሳንቲም በየሳምንቱ ከድሃ ኪስ ነው የሚወጣው።

በዚያው በ1969 ከተማዋ ያወጣችው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ አታላይ ንግድን ከለከለ፤ ኮሚሽነሯም በተታለሉት ሰዎች ስም ፍርድ ቤት ቆማ ገንዘባቸውን እንድታስመልስ ሥልጣን ሰጣት። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ሰው መንግሥትን ከጎኑ አገኘ። እኔ የቤስ ማየርሰን ትልቁ ቀን በአትላንቲክ ሲቲ መድረክ ላይ የቆመችበት ነው አልልም፤ ይህ ሕግ ሥራ የጀመረበት ቀን ነው።

በ1980 በዴሞክራቲክ ፓርቲ ለአሜሪካ ሴኔት ዕጩ ለመሆን ተወዳደረች። ከተፎካካሪዎቿ አንዱ የሾሟት ሊንድሴ ራሳቸው ነበሩ። ሁለቱንም ያሸነፈቻቸው ኤልዛቤት ሆልትዝማን ናት።

የመጨረሻውንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። በከንቲባ ኤድ ኮች ዘመን የባህል ጉዳዮች ኮሚሽነር ሳለች የአንዲት ዳኛን ልጅ በመሥሪያ ቤቷ ቀጠረች። ዳኛዋ በወቅቱ የቤስን ወዳጅ የፍቺ ጉዳይ የያዘች ነበረች። ቤስ በ1987 ከሥልጣን ለቀቀች፣ ተከሰሰች፣ በ1988 የፍርድ ሸንጎው (ጁሪው) ነጻ ናት አለ። ፍርዱን አከብራለሁ። ግን ብዙ ዓመት ለሕዝብ ስትናገር የኖረች ሴት ስሟ ከዚያ ክስ ጋር ተያይዞ መጠራቱ ያሳዝነኛል። ሥልጣን ስትይዙ፣ መያዛችሁም አይቀርም፣ ዘመድና ወዳጅ ደጃችሁን ያንኳኳል። የእኛ ማኅበረሰብ ለዚህ ፈተና እንግዳ አይደለም። ያን ጊዜ መከልከልን ከአሁኑ ተለማመዱ። ቤስ በ2014 በ90 ዓመቷ አረፈች።

ውድ ተመራቂዎች፣ ከእናንተ መካከል የሕግ፣ የሂሳብ፣ የኮምፒውተርና የነርስነት ባለሙያዎች አሉ። ወላጆቻችሁ ያገለገለ መኪና ሲገዙ ሳያነቡ የፈረሙትን ውል አስታውሱ፤ በዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ወለድ ያነበበላቸው ሰው አልነበረም። በዚህ አካባቢ የምትኖሩ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አለው፤ አንዳንድ ሌሎች ካውንቲዎችም አላቸው። አማርኛ የሚያውቅ፣ ሕግ የተማረ፣ ሂሳብ የሚመረምር ወጣት በእነዚህ ቢሮዎች ያስፈልጋል። እዚያ አመልክቱ። ለካውንቲ ምክር ቤትና ለትምህርት ቦርድ ተወዳደሩ። እኛ ታላላቆቻችሁም በር እያንኳኳን ድምፅ እናሰባስብላችኋለን።